የፔይንትቦል ማርከሬን ልቀይር ብል አባቴ «ሁለተኛ ጠመንጃ ቤቴ አይገባም» አለኝ። ምን ልበለው?

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 17 ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ9 ዓመቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት በወር አንድ ቅዳሜ ፔይንትቦል እጫወታለሁ፤ ቀለም የተሞላ ትንሽ ኳስ እየተኮስን የምንጫወተው ጨዋታ ነው። ኳሱን የሚተኩሰው ዕቃ ማርከር ይባላል። ማርከሬ ቲፕማን 98 ከስተም ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ በ70 ዶላር ያገለገለ ገዛሁት። ጠንካራ ዕቃ ነው፣ ብዙ ችሏል። አሁን አሁን ግን አስቸገረኝ። ብርድ ሲሆን ኳሱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይወድቃል። ሲሞቅ ደግሞ ፍጥነቱ ከ300 ጫማ በሰከንድ ያልፍና ዳኛው «አስተካክለህ ተመለስ» ብሎ ያስወጣኛል። በዚያ ላይ ኳሱ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ይፈነዳል። አንዴ ከፈነዳ ያ ዙር አለቀ። ሌላው ሲጫወት እኔ አፈሙዝ ስወለውል ነው የምቆየው።

የምፈልገው ፕላኔት ኤክሊፕስ ኢሜክ የሚባለውን ማርከር ነው። ባትሪ የለውም፣ ኤሌክትሮኒክ አይደለም። አዲሱ ከ250 ዶላር በላይ ነው። ገንዘቡን እኔው ሠርቼ ያጠራቀምኩት ነው፤ እሁድ እሁድ ግሮሰሪ ውስጥ እሠራለሁ። ግን ተደብቄ መግዛት አልፈልግም።

እራት ላይ አነሳሁት። አባዬ የጠቀለለውን እንጀራ እንደያዘ ቆመ። «ያለህ ይበቃሃል። ሁለተኛ ጠመንጃ ቤቴ አይገባም» አለ።

«አባዬ፣ ጠመንጃ አይደለም። ማርከር ነው የሚባለው።»

«ቃታ አለው?»

«አለው።»

«በቃ።»

እማዬ ምንም አላለችም። እማዬ ዝም ካለች ከአባዬ ጋር ናት ማለት ነው። ወላጆቻችሁን ያሳመናችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።

ዳላስ_መካኒክ

ወንድሜ፣ አባትህን ከማሳመንህ በፊት ችግሩን እንለይ። ኳሱን የሚገፋው ጋዝ ያለበት ሲሊንደርህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው አይደል? ከነገርከን ግማሹ የማርከሩ ጥፋት አይደለም፣ የጋዙ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ግፊቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ወደ 850 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይሆናል። ዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ 500 ይወርዳል። ቶሎ ቶሎ ስትተኩስ ደግሞ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሲሊንደሩ ራሱ ይቀዘቅዛል። በእጅህ ብትነካው ውርጭ ሲይዝ ታየዋለህ። ብርድ ላይ ኳስህ የሚወድቀው፣ ሙቀት ላይ ከልኩ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

የታመቀ አየር እንዲህ አይደለም። ሲሊንደሩ 3000 ወይም 4500 ፒኤስአይ ይሞላል፣ አንገቱ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ግን ሁልጊዜ እኩል ግፊት ነው የሚለቀው። የአሉሚኒየሙ፣ 48 ኪዩቢክ ኢንች የሚይዘው ባለ 3000፣ ከ50 እስከ 60 ዶላር ታገኘዋለህ። ጥርሱ አንድ ስለሆነ ያለ ምንም ለውጥ ቲፕማንህ ላይ ይገጥማል።

ኳሱ ውስጥ የሚፈነዳው ደግሞ ብዙ ምክንያት አለው። ኳስ አጉራሹ ላይ ኳሱን የምታቆም ትንሽ መያዣ አለች። እሷ ካለቀች ሁለት ኳስ በአንዴ ይገባና አንዱ ይቆረጣል። መለዋወጫዋ ጥቂት ዶላር ናት። ኳሱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦም ሊሆን ይችላል። ያለፈው ወር የተረፈህን ነው የምትጫወትበት?

ይህን የምልህ ለአንድ ነገር ነው። ለአባትህ «ያለ 250 ዶላር አይሆንም» ብለህ በኋላ በ60 ዶላር ይፈታ እንደነበር ቢሰማ፣ ከዚያ ወዲያ አያምንህም።

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

ልክ ነህ፣ ካርቦን ነው። የተረፈ ኳስም እጠቀማለሁ። ጋራዥ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ሳየው አብዛኛው ሞላላ ሆኗል።

እውነቱን ልናገር። አየር ብገዛም ኢሜኩን እፈልገዋለሁ። ጓደኛዬ አንድ ቀን አስይዞኝ ነበር። ቲፕማኑ ስትተኩስበት ውስጡ ያለው መዶሻ ወደኋላና ወደፊት ሲመላለስ እጅህ ላይ ይመታል፣ ያነጥርሃል። ኢሜኩ ግን ዝም ያለ ነው። ቀለል ይላል። ኳሱን የሚገፋው በዝቅተኛ ግፊት ስለሆነ ስስ ኳስ እንኳ አይሰብርም። ያነጣጠርኩበት ቦታ ሄደ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዕቃው ሳላስብ ስለ ጨዋታው ብቻ አሰብኩ።

ነገሩን_እንይ

ይቅርታ፣ ግን እኔ ከአባትህ ጋር ነኝ። 250 ዶላር ለአንድ መጫወቻ? የሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅ ትገባለህ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶችህ ከዚህ ገንዘብ ስንት ነገር ያደርጋሉ? ኳስ ካማረህ እግር ኳስ አለ፣ ጫማ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

ጋሼ፣ ለአያቴ በየወሩ 40 ዶላር በእማዬ በኩል እልካለሁ። ለኮሌጅም የማስቀምጠው አለ። ይሄ ከዚያ የተረፈው ነው። እግር ኳስ ሞክሬያለሁ፣ ሁልጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበርኩ። እዚህ ግን «አንተ በግራ ያዝ» ሲሉኝ ሰው እንደሚፈልገኝ አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼ እስከ 9 ሰዓት ጫካ ውስጥ ነኝ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

የሦስት_ልጆች_እናት

የኔ ልጅ፣ እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ስለ ዕቃው አላውቅም። ስለ እናትህ ዝምታ ግን ልንገርህ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ክሊቭላንድ ውስጥ ታሚር ራይስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ በመጫወቻ ሽጉጥ ሲጫወት ፖሊስ ገደለው። ጫፉ ላይ የሚደረገው ብርቱካናማ ምልክት አልነበረውም። ፖሊሶቹ መኪናቸውን አቁመው እስኪተኩሱ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልሞላም። የኔ ትልቁ ልጅ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። ዜናውን ያየሁ ዕለት ሌሊት ተነሥቼ ጓዳ ውስጥ ያሉትን የውሃ ሽጉጦች ሁሉ በፌስታል ሰብስቤ ውጭ ወስጄ ጣልኩ። ጠዋት ልጆቹ ሲጠይቁኝ ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ።

እናትህ ስለ 250 ዶላር እያሰበች አይደለም። አንተ ቅዳሜ ጠዋት ያን ነገር ትከሻህ ላይ አንግተህ ከበር ወደ መኪና ስትሄድ ጎረቤት በመስኮት ሲያይህ ነው የሚታያት። ጥቁር ልጅ ነህ። ቁመትህም አድጓል። ይሄን በአፏ ልትነግርህ አትፈልግም፣ ልጅነትህን እንዳትነጥቅህ ብላ።

ስለዚህ ስለ ፍጥነትና ስለ ግፊት አትንገራት። የት እንደሚቀመጥ ንገራት። በምን ቦርሳ ከቤት እንደሚወጣ አሳያት። ፖሊስ መንገድ ላይ ቢያስቆምህ ምን እንደምትል፣ እጅህን የት እንደምታደርግ ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት። እኔ ከልጆቼ ጋር ተለማምጃለሁ። ከባድ ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

እትዬ፣ ይሄን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። እኔ በእጄ ይዤው ነው ከቤት የምወጣው። አመሰግናለሁ።

ሊያ_አትላንታ

እኔ 22 ነኝ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ተጫውቻለሁ። ቤተሰቦቼም እንደናንተው ነበሩ፤ ሴት ልጅ መሆኔ ሲጨመርበት አስቡት።

እኔን የረዳኝ ቅደም ተከተሉን መገልበጤ ነው። መጀመሪያ ማርከር አልጠየቅኩም። ማስክ ነው የጠየቅኩት። አባቴን «ዓይኔን የሚጠብቅልኝ ይህ ነው፣ ኤኤስቲኤም ኤፍ1776 የሚባለውን መለኪያ ያሟላል፣ የኔ አሮጌው ግን መስታወቱ ተጫጭሯል» አልኩት። እሱ ራሱ ከፍሎ ገዛልኝ። ወላጅ ለመተኮሻ ገንዘብ አያወጣም፣ ለመከላከያ ግን ያወጣል። ደግሞም እውነት ነው። ኳሷ 3 ግራም ገደማ ናት፣ ግን በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ነው የምትሄደው። ዓይን ላይ ካረፈች ታጠፋለች። በዚህ ስፖርት ዓይናቸውን የተጎዱት አብዛኞቹ ማስክ ያላደረጉ ወይም ያወለቁ ናቸው። አንተ ማስክህ ምንድነው? በልጥፍህ ውስጥ አንድም ቦታ አላነሳኸውም።

ሁለተኛ፣ ሒሳብ። ማርከር አንዴ ነው የሚገዛው፣ ኪስ የሚያራቁተው ቀለሙ ነው። 2000 ኳስ የሚይዝ ካርቶን 50፣ 60 ዶላር ነው። ፈጣን ማርከር ስትይዝ ብዙ ትተኩሳለህ። እኔ ኤሌክትሮኒክ የገዛሁ ዓመት የቀለም ወጪዬ እጥፍ ሆኗል፣ ደብተሬ ላይ አለ። ኢሜክ ቃታው አንዴ ሲሳብ አንድ ኳስ ብቻ ስለሚተኩስ ያን ያህል አይበላም፤ ለአባትህ የሚነገር ጥሩ ነጥብ ይሄ ነው። የስድስት ወር ወጪህን ጻፍና አሳየው። የመግቢያ፣ የአየር፣ የቀለም፣ የነዳጅ። የደበቅከው እንደሌለ ሲያይ ይለሳለሳል።

ሦስተኛ፣ እኛ አምስት ልጆች ሆነን በወር 50 ዶላር ዕቁብ ጣልን። 250 ሲደርሰኝ ማርከሬን ገዛሁ። እናቴ «ዕቁብ ነው» ስላት ፊቷ በራ። ያ ቃል በኛ ቤት ትልቅ ነው።

ጋሽ_አራት_ኪሎ

ልጄ፣ አባትህ ስንት ዓመቱ ነው? በኔ ግምት ወደ ሃምሳ የተጠጋ ነው። እንዲያ ከሆነ እሱ ጠመንጃን በፊልም አይደለም ያወቀው።

አባቶች ስለ ዋጋ የምናወራው ስለ ሌላው ማውራት ሲከብደን ነው። «ውድ ነው» ማለት ይቀላል። አትከራከረው። «ማርከር ነው የሚባለው» ብለህ ስም አታርመው፤ አባትን ማረም መልሱን ያከርረዋል። ይልቅ ብቻውን ስታገኘው «አባዬ፣ ይሄን ዕቃ ስታይ ምንድነው የሚታይህ?» በለው። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። መልስ አታዘጋጅ።

ዳላስ_መካኒክ

ጋሼ ካሉት ጋር አንድ ነገር ልጨምር። «ማርከር» የሚለው ስም ለማሳመሪያ የተፈጠረ አይደለም። ዕቃው መጀመሪያ የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም። ኔልሰን የሚባለው የቀለም ኩባንያ ለደን ሠራተኞች የሚቆረጠውን ዛፍ ከርቀት ምልክት እንዲያደርጉበት፣ ለከብት አርቢዎችም ከመንጋው የሚለየውን ከብት እንዲቀቡበት ያዘጋጀው ነው። ኔልስፖት 007 ይባል ነበር።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1981 በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሄኒከር በሚባል ቦታ 12 ሰዎች ይህንኑ ይዘው ጫካ ገቡና የመጀመሪያው ጨዋታ ተካሄደ። የየጣቢያውን ባንዲራ ሰብስቦ መውጣት ነበር ጨዋታው። ያሸነፈው ሪቺ ዋይት የሚባል ደን አዋቂ ነበር። አንድ ጥይት ሳይተኩስ ነው ያሸነፈው። እኔ ይህን ሳነብ ስለ ስፖርቱ ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። ከተኳሹ ይልቅ መሬቱን የሚያውቀው ይበልጣል።

ልጁን ግን አንድ ነገር አደራ ልበለው። በቨርጂኒያ ሕግ ማርከር ከአየር ጠመንጃ ጋር ነው የሚመደበው። ቅዳሜ ተጫውተህ መኪናህ ውስጥ ረስተኸው ሰኞ ትምህርት ቤት ግቢ እንዳትገባ። ከትምህርት ሊያስባርርህ ይችላል።

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደብተር ገዝቼ ያለፈውን ስድስት ወር ጻፍኩ። ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ አገኘሁት። ሳልደብቅ ለአባዬ ሰጠሁት። አነበበው፣ አጠፈው፣ ምንም አላለም። ከዚያ «በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረኸኝ ሂድ፣ አይተህ ወስን። ካልወደድከው ሁለተኛ አላነሳውም» አልኩት። እሺ አለ።

ሜዳው ከቤታችን 45 ደቂቃ ነው። መንገድ ላይ ጋሽ አራት ኪሎ ያሉኝን ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ይሄን ዕቃ ስታይ ምንድነው የሚታይህ?» ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የማይመልስ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ስለ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነገረኝ። ያኔ እሱ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ወታደሩ ተበትኖ ጠመንጃውን በየመንገዱ እየጣለ፣ በዳቦ እየለወጠ ይሄድ ነበር አለ። የሰፈር ልጆች የወዳደቀውን እየለቀሙ ይጫወቱበት ነበር። አንድ አብሮ አደግ ነበረው፣ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ያ ልጅ ከወንዙ ዳር ምን እንደሆነ የማያውቀውን ነገር አነሣ። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። አባዬ አጠገቡ ነበር። «ከኔ ቀድሞ ነው ያየው» አለኝ። «እኔ ቀድሜ ባየው እኔ ነበርኩ የማነሣው።» መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ብቻ ነበር የሚያየው። 17 ዓመት ሙሉ አብሬው ኖሬ ይህን አልሰማሁም።

ምንም አልመለስኩም። ምን ይባላል።

ሜዳው ደረስን። ዳኛው አባዬን ተመልካች መረብ ጀርባ እንዲሆን ነገረው። እሱ ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ ፍጥነት መለኪያው ነው። ዳኛው የእያንዳንዱን ልጅ ማርከር ሲለካ ቆሞ አየ። አንዱ 306 አሳየና ተመለሰ። አባዬ «ለምን መለሰው?» አለኝ። «ከ300 በላይ አይፈቀድም፣ እዚህ ሜዳ 280 ነው የሚፈልጉት» አልኩት። «ሁሉንም ይለካሉ?» «ሁሉንም።» ከዚያ የአፈሙዝ መሸፈኛውን አየ። ከሜዳ የሚወጣ ሁሉ አፈሙዙን በጨርቅ ከረጢት ሸፍኖ፣ ገመዱን ወደኋላ አስሮ ነው የሚወጣው። አንድ ልጅ ረስቶ ሲወጣ ዳኛው በፉጨት አስቆመው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ።

በእረፍት ሰዓት ማስኬን አንሥቶ በብርሃን ላይ አየው። ሊያ፣ ልክ ነበርሽ። ከማርከሩ ጋር የተሰጠኝ ነው፣ መስታወቱ ነጠላ ነው፣ በጭረት ተሞልቷል፣ ቶሎ ጉም ይይዛል። ጉም ሲይዝ ከፍ አድርጌ የምጠርግበት ጊዜ ነበር። ይህንንም ነገርኩት፣ ልዋሸው አልቻልኩም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። «ስለ ሽጉጥህ ትነግረኛለህ፣ ይሄን ይዘህ ነው ሁለት ዓመት የተጫወትከው?» አለኝ። እንደዚያ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ያን ቀን ሁለተኛውን ዙር አላስገባኝም። ትክክል ነበር።

ማታ እማዬም ባለችበት ተነጋገርን። የተስማማነው ይሄ ነው። ማስክ ሳልገዛ ወደ ሜዳ አልሄድም። እሱን አባዬ ይከፍላል። የአየር ሲሊንደርና የኳስ መያዣዋን በራሴ ገንዘብ እገዛለሁ። በነዚህ ሦስት ወር እጫወትና ከዚያ ስለ ኢሜኩ እንደገና እንነጋገራለን። ከፈቀዱ ያገለገለ ይሆናል፣ ጥቁር አይሆንም፤ እማዬ ሰማያዊ ብላለች። ዕቃው ከመኝታ ክፍሌ ወጥቶ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ በተዘጋ ሻንጣ ተቀምጧል፣ ቁልፉ እማዬ ጋ ነው። ከቤት ሲወጣ ሲሊንደሩ ተፈትቶ፣ በሻንጣው ውስጥ ሆኖ፣ መኪናው ኋላ ይጫናል። እትዬ እንዳሉትም ፖሊስ ቢያስቆመኝ የምለውን ተለማመድን። እማዬ ፖሊስ ሆና ስትጠይቀኝ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው።

የሦስት_ልጆች_እናት

እሰይ የኔ ልጅ። እናትህን ሳምልኝ። አንድ ነገር ግን፣ ያ ኳስ ፊት ላይ ሲፈነዳ አፍ ውስጥ አይገባም? ከምንድነው የሚሠራው?

ሊያ_አትላንታ

እትዬ፣ በማስኩ አየር ማስገቢያ በኩል አልፎ አልፎ ፍንጣሪው ይገባል። ይመርራል እንጂ መርዝ አይደለም፣ በውሃ ይለቃል። ቅርፊቱ ግን ጄላቲን ነው፣ ከአሳማ ወይም ከከብት የሚወጣ። እኔ በጾም ወቅት አፌን በስካርፍ ሸፍኜ ነው የምጫወተው።

ነገሩን_እንይ

አባትህን አክብረህ ይዘኸው ስለሄድክ ደስ ብሎኛል። ስለ ጽሑፌ ይቅርታ፣ ስለ አያትህ አላወቅኩም ነበር።

የአሌክሳንድሪያው_ልጅ

ምንም አይደለም ጋሼ።

ማስኩን ነገ ከአባዬ ጋር ልንገዛ ነው። ምን ዓይነት መስታወት እንያዝ?

ዳላስ_መካኒክ

ድርብ መስታወት ያለው ይሁን፤ በሁለቱ መካከል አየር ስላለ ቶሎ ጉም አይይዝም። ሱቅ ውስጥ አድርገህ ጎንበስ ቀና በል፣ ጉንጭህ ላይ ክፍተት ካለ ተወው። መስታወቱን በመስኮት ማጽጃ ፈሳሽ አትንካው፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል። በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ። ሲሊንደር ስትገዛ ደግሞ አንገቱ አጠገብ የታተመውን የምርመራ ቀን ተመልከት። በየአምስት ዓመቱ መመርመር አለበት፣ ቀኑ ያለፈበትን ሜዳው አይሞላልህም። ያገለገለ ከሆነ በተለይ አባትህ ቀኑን ራሱ ያንብበው።